የባላገር ውዳሴ ለማን ይጠቅማል?

የአንድን ሕዝብ ጠባይ በቅጽል መዘርዘር ቀላል ነው። «ጀግና፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ተባባሪ፣ ታጋሽ» ተብሎ ሲጻፍ የሚከራከር አይገኝም፤ በመድረክ ሲነገርም ጭብጨባው አይቀርም። ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ፣ በጠቅላላውም ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ከሚጻፈው፣ ከሚዘፈነውና በትያትር ከሚታየው ውስጥ አብዛኛው ከእነዚህ ከአራቱ ቃላት ሲወጣ አይታይም። ውዳሴው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ጉድለቱ በጎ ጠባይን ከደም ጋር የተወረሰ፣ ያለ ድካም የሚገኝ ጸጋ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ሕዝቡን ባመሰገነ ቁጥር የሕዝቡ ባለዕዳ የሆነውን ወገን ከዕዳው ነጻ ማውጣቱ ነው።

ከትብብሩ መጀመር ይቻላል። በመድረክ ላይ ደቦ ማለት አዲስ ማጭድ የጨበጡ ወጣቶች በአንድ ረድፍ ተሰልፈው እስክስታ የሚወርዱበት ትርኢት ነው። በቢቸና የጤፍ ማሳ ላይ ግን የጋራ ሥራ ከዘፈኑ በፊት ሒሳብ ነው። ገበሬው ወንፈልን ከደቦ ለይቶ ያውቃል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን ያረመ ሰው ነገ አንድ ቀን ይታረምለታል፤ መምጣት ያልቻለም ምትክ ይልካል። ደቦ ግን ጠሪ አለው፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተጠራውም ቀን ቆጥሮ ብድሩን አይጠይቅም። ባሏ የሞተባት ወይም በሕመም የተኛ ሰው እህሉ ማሳ ላይ ረግፎ እንዳይቀር የሚደረገው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ደግሞ መሰሉን ፈልጎ ይቀናጃል፤ መቀናጆውም የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚታረስ የሚወስን ውል አለው። ይህ ሁሉ የቸርነት ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ክረምት አይዘልቅም ነበር። የዘለቀው ደንብ ስላለው፣ ደንቡን ያፈረሰም በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ስለሚቀር ነው። እንግዲህ ደንቡን ትቶ ጭፈራውን ብቻ የሚያሳይ ኪነት ፍሬውን ጥሎ ገለባውን የሸከፈ ነው።

እንግዳ ተቀባይነትም እንዲሁ ነው። ምስጋናው ሁልጊዜ ለአባወራው ይቀርባል። እህሉን የፈጨችው፣ ውሃውን ከወንዝ የቀዳችው፣ ጌሾ ወቅጣ ጠላውን የጠመቀችው፣ ደክማ ሳለችም ለእንግዳው እግር ውሃ ያሞቀችው ሴት በውዳሴው ውስጥ ቦታ የላትም። ለመሆኑ ደግነቱ የማን ጉልበት ነው?

ስለ ጀግንነት ሲነሣ ጉዳዩ ይከብዳል። በላይ ዘለቀ በቢቸናና በአካባቢው አምስት ዓመት ጣሊያንን መዋጋቱ፣ ከነጻነት በኋላም በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱ በታሪክ የታወቀ ነው። ጀግንነቱን የሚክድ የለም። ይሁንና የፉከራ ቃል ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ወደ ጎረቤት መዞሩ አልቀረም። በወሰን ጠብ ሰው ሲገደል የሟቹን ወገን ለበቀል የሚያነሣሣው ይኸው ቀረርቶ ነው። በሁለቱ ወገን መካከል ወራት ሙሉ እየተመላለሱ፣ ከካህናት ጋር እየተማጠኑ፣ አንዳንዴም እየተሰደቡ ደም የሚያደርቁት ሽማግሎች ከተኳሹ የበለጠ ድፍረት ያስፈልጋቸዋል። «ጀግና» የሚለው ቅጽል ግን እስከ ዛሬ ለተኳሹ እንደ ተቀመጠ ነው።

ወቃሾችም ከአወዳሾች አልተሻሉም። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ባካሄዱት ጥናት ላይ ተመሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ አማራው ግለኝነት የሚያይልበት፣ ለጋራ ዓላማ መተባበር የሚከብደው ነው ወደሚል አስተያየት ደርሰዋል። ከመሬት ተነሥተው የጻፉት አይደለም። በጎጃምም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር ድርሻውን የሚሻ ሁሉ ከገዛ ዘመዱ ጋር ሲካሰስ ይኖር ነበር። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ነገሩ ርስቱን አስለክቶ የሚያሳጣ መንገድ መሆኑን ጠረጠረ። ትናንት በርስት ሲካሰስ የነበረው ሁሉ ግብር ገማቾች ወደ መንደሩ እንዳይገቡ በአንድ ቃል ቆመ። አቤቱታ አቀረበ፤ ሰሚ ባጣ ጊዜ ጠመንጃ አነሣ፤ ጦርም ዘመተበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ። የዐመፁ ዓላማ የነበረውን ማስጠበቅ እንጂ ሥርዐት መለወጥ አልነበረም፤ ወሰኑም ይኸው ነው። ቢሆንም፣ «መተባበር አያውቅም» ለሚለው ወቃሽም ሆነ «ታጋሽ ነው» ለሚለው አወዳሽ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም። ያ ገበሬ የሚታገሥበትንም የማይታገሥበትንም ለይቶ የሚያውቅ ነበር።

ትዕግሥትን እያነሡ ማወደስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረደ መንገደኛ ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለትና ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ድልድይ በወረራው ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት አንድ ቅስቱ በአርበኞች ፈረሰ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ገበያተኛው ገመድ ታጥቆ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ፣ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ጠገነው፤ ጥገናውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ። ገመድ ሳቢዎቹ ሰው ሳይጥሉ ለማሻገር ያሳዩት መተማመን በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል። ያን ገመድ እያዩ ስለ ሕዝቡ ጽናት ብቻ መግጠም ያልተሠራውን ድልድይ እንደ ተሠራ መቁጠር ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፊሊፒንስ ጎረቤቶች ተሰብስበው የአንድን ቤተሰብ ቤት ከነጣሪያው በትከሻቸው ተሸክመው የሚያዛውሩበት፣ ከደቦ ጋር የሚመሳሰል «ባያኒሃን» የተባለ ልማድ አለ። ሆኖም የዚያ አገር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የቀረበለት ጥናት በውዳሴ ብቻ አላበቃም። ሰው አክባሪነትንና ሠራተኛነትን ከጠንካራው ጎን ሲያሰፍር፣ «እያንዳንዱ ለራሱ» የሚለውን ጠባይና የቅኝ ተገዥነት አስተሳሰብን ከደካማው ጎን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሃያን» የተባለው አውሎ ነፋስ ከስድስት ሺህ በላይ ሰው በገደለ ጊዜም የሕዝቡ ጽናት በዓለም ሁሉ ተወደሰ፤ ከራሱ ከሕዝቡ መካከል ግን «ጽናታችን ለባለሥልጣናት ቸልተኝነት መሸፈኛ አይሁን» የሚሉ ተነሡ። የውዳሴን ወጥመድ የሚያውቀው ተወዳሹ ነው።

ለኢትዮጵያ ደራሲም አርአያው ሩቅ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለቢቸና ቅርብ የሆነችውን ዲማን ሲሥሉ በቅጽል አላለፉም። በዚያ ልብ ወለድ ገበሬዎቹ የፊታውራሪ መሸሻን ያለ አግባብ የመጣ ጥያቄ እምቢ ይላሉ፤ እውነቱን የሚናገረው ጉዱ ካሣ ደግሞ እብድ ይባላል። እምቢ ባዩና ጠቢቡን እብድ ያለው ያው አንድ ማኅበረሰብ ነው። መጽሐፉ በሕዝቡ ዘንድ የተወደደው ይህን ሳይሸሽግ ነው፤ ሕዝብ እውነት ሲነገርለት እንደ ተሰደበ አይቆጥርምና።

ስለዚህ ደቦን በመድረክ የሚያሳይ ሰው ብድሩንም ያሳይ። ስለ እንግዳ ተቀባይነት የሚገጥም ወደ ጓዳ ይግባ። ስለ ጀግና የሚጽፍ ደም አድራቂውን ሽማግሌ ከተኳሹ ጎን ያቁም። ስለ ትዕግሥት ሊያወድስ ብዕሩን ያነሣም አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን እንዲታገሥ ያደረገው ማን ነው? ይህን መመለስ የማይደፍር ብዕር ውዳሴውንም ቢተወው ይሻላል።