በወፍ ላይ የተጫነ ጥፋት

በቋንቋችን የሰው አካል ሁሉ የየራሱ ክብር አለው። ሰው ሲራራ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፤ ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል፤ የደፈረም እንደሆነ ልብ አለው ይባላል። ጉበት ግን ከዚህ ሁሉ ክብር ተለይቶ፣ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ዱለት ሲታዘዝ ነው። ይህ ዝምታ በቋንቋ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ጉበት ራሱም በባሕርዩ ዝምተኛ ስለሆነ፣ ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ለባለቤቱ አቤቱታ አያቀርብም። ዝም ያለውን አካል እኛም ዝም ብለን ስናልፈው፣ በሽታው በሁለት ዝምታ መካከል ተደላድሎ ይኖራል።

በደብረ ታቦርና ከጉና ተራራ ሥር ባለው ደጋ፣ በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ የሰው ዓይን ቢጫ የሆነ እንደሆነ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ወይም ሸንታበት ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚያም በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ ሥርና ቅጠል ወደሚያውቅ ሰው ይወሰዳል። አባቶቻችን የዓይኑን መለወጥ አስተውለው ለበሽታው ስም ስላወጡለት ልናመሰግናቸው ይገባል። ጥፋቱን ግን ያለ በደሏ በወፊቱ ላይ ጭነውታል።

ይህ ስሕተት በነገር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሰው ይገድላል። በመጀመሪያ፣ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ ሰው ሁሉ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራል። የጉበት ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ሁለተኛም፣ ቢጫው ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ሥሩ ይወስዳል። በውሃና በምግብ የሚመጣው ኤ የተባለው ዓይነት በአብዛኛው ያለ መድኃኒት የሚድን ነው። ቢ የተባለው ግን ቢጫው ከዓይን ከጠፋ በኋላ እንኳ በአንዳንዱ ሰው ጉበት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የጉበት መጠንከር ወይም ካንሰር ሆኖ ሲመለስ፣ ያን የጥንቱን «ወፍ» የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

እንግዲህ እውነተኛው በደለኛ ማን ነው? አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብላምበርግና ባልደረቦቹ ከአንድ አውስትራሊያዊ ሰው ደም ያገኙትን እንግዳ ነገር እ.ኤ.አ. በ1965 አስታወቁ። ይህም ኋላ የሄፓታይቲስ ቢ ቫይረስ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ግኝት የጉበት ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ወጣ፤ ብላምበርግም እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቢና ሲ የተባሉት ዓይነቶች የሚተላለፉት በደም ነው፤ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ የሚችል ብርቱ ነው። ሲወለድ ከተያዘ ሕፃን ከመቶ 90ው በሽታውን ይዞ ያድጋል፤ ጎልምሶ ከተያዘ ሰው ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። በኢትዮጵያ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት፣ ቢ የተባለው ዓይነት ከመቶ ሰው ከ6 እስከ 7 በሚሆነው ላይ እንደሚገኝ ገምተዋል። በአንድ የተማሪ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጆች ቢኖሩ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

እንዲህ ከሆነ ልንመረምር የሚገባን ወፊቱን ሳይሆን ምላጩን ነው። እንጥል የሚቆረጥበት፣ ድድ የሚነቀስበት፣ ዋግምት የሚደረግበት፣ ሕፃን የሚገረዝበት፣ ጠጉር የሚላጭበት ስለት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ቫይረሱም አብሮ ይተላለፋል። በአንጻሩ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በመጨባበጥ ቢና ሲ አይተላለፉም። ስለዚህ ምላጭ መለየት ግዴታ ነው፤ ሰው መለየት ግን ነውር ነው።

ከዚህ ላይ የዓለምን ጥረት እናንሣ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 የብላምበርግን የልደት ቀን ጁላይ 28ን፣ ማለት ሐምሌ 21ን፣ የዓለም የሄፓታይቲስ ቀን እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016ም እስከ 2030 ድረስ አዲስ መያዝን ከመቶ 90፣ ሞትን ከመቶ 65 ለመቀነስ ተስማማ። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ሞቷል።

ከወጣቶቻችን አንዳንዱ «ሰንደቅ ተሰቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚለያዩበት ቀን ለድሀው ምን ይረባዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ንግግር ብቻውን ጉበት አያድንም። ነገር ግን ንግግሩ ወደ መዝገብና ወደ መርፌ የተለወጠበትን ቦታ እንመልከት። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ሌላው ምሳሌ ከጣና የሚወጣው ውሃ ከሚደርስበት ከግብፅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ መንግሥቱ ጉበትን የሚጎዳውን ቢልሃርዚያ ለማጥፋት ለሕዝቡ መርፌ ይወጋ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ መርፌው ግን በሚገባ ሳይጸዳ ከሰው ወደ ሰው ስለ ዞረ፣ ሄፓታይቲስ ሲ በሀገሩ ተስፋፋ። ጉበትን ሊያድን የወጣው ዘመቻ ጉበትን አቆሰለ። ግብፆች ግን ጥፋታቸውን አልደበቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምረው፣ የተያዘውን ለ12 ሳምንት ያህል በሚዋጥ ክኒን አዳኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይቲስ ሲን በማጥፋት ጉዞ የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ ሀገር ሆነች። በፎገራ ሜዳ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ለሚያርስ ወገን ያለን ሰዎች፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን፦ በጎ ሐሳብ ንጹሕ መርፌን አይተካም፤ የተገለጠ በሽታም ይድናል።

ስለዚህ በደብረ ታቦር ሐምሌ 21 የሥራ ቀን ይሁን እንላለን። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ይመርመር፤ ካልተያዘም ሦስቱን ክትባት ይፈጽም፤ ነገ መርፌ የሚይዘው እርሱ ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን ስትጎበኝ ስለ ጉበት ምርመራ ትንገራት። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወስዱት አምስቱን በአንድ የያዘ ክትባት የቢን ክትባት ያካትታል። ከእናት የሚተላለፈውን ለመግታት ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይመክራል፤ ስለዚህ እናት በሐኪም ቤት ትውለድ፣ ይህንንም ክትባት ትጠይቅ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም ደግሞ ጠጉር አስተካካዮችን፣ ገራዦችንና አዋቂዎችን ሰብስቦ፣ ሳይሳደብና ሳያስፈራራ፣ «አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው» የሚለውን ያስተምር። ጋፋት ላይ ለሴባስቶፖል መድፍ እሳት ያነደደ ሀገር፣ አንድ ምላጭ መጣል ሊያቅተው አይገባም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ከሐምሌ 21 እስከ ደብረ ታቦር በዓል 22 ቀን ብቻ ነው። ቡሄ መጥቶ ልጆቻችን ጅራፍ ሲያጮሁና ሙልሙል ሲቀበሉ፣ ከመካከላቸው ስንቱ ጤነኛ ጉበት ይዞ እንደሚጎለምስ የሚወሰነው ዛሬ እኛ በምንሠራው ሥራ ነው። ወፊቱን በሰላም እንልቀቃት፤ ክሱን ወደ እውነተኛው ተከሳሽ እናዙር።