መዳብ የለበሰው ቅጠልና የፈሳሹ ዕጣ

ተፈጥሯዊ ቅጠልን በኤሌክትሪክ ኃይል መዳብ ማልበስ በመኖሪያ ቤት የሚከናወን የእጅ ሥራ ከሆነ ሰንብቷል። ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ ሞሪትዝ ያኮቢ በሴንት ፒተርስበርግ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያም በቪየና አሎይስ አወር ቅጠልን በለስላሳ የእርሳስ ሰሌዳ ላይ አትሞ፣ ከዚያ የመዳብ ማተሚያ ገበታ ያወጣ ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ቅጠል ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ከደረቀ በኋላ በቫርኒሽ ይታሸግና የግራፋይት ወይም የብር ዱቄት ያለበት ቀለም ይቀባል። ቀጥሎም ኮፐር ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ከኃይል ምንጩ አሉታዊ ጫፍ ጋር ይገናኛል። በአዎንታዊው ጫፍ የተንጠለጠለው መዳብ እየሟሟ በቅጠሉ ላይ ይለበጣል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊአምፔር ቢለቀቅ፣ በፋራዴይ ሕግ ስሌት በሰዓት የሚገኘው ውፍረት 13 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሲሶ ቀን ገደማ ቢጠበቅ የሚገኘው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ቸኩሎ ኃይሉን የሚጨምር ሰው በቅጠሉ ጠርዝ ላይ እንደ ኪንታሮት የተቋጠረ መዳብ ያገኛል።

ስለ ሥራው የሚሰጡት መመሪያዎች አብዛኞቹ ቅጠሉ ተወልውሎ ሲያበራ ያበቃሉ። ትልቁ ጉድለታቸውም ይኸው ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 200 ግራም የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ቢሟሟ፣ በፈሳሹ ውስጥ 51 ግራም ገደማ መዳብ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ያን አንድ ሊትር እስከዚህ መጠን ለማቅጠን ከ25 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ያስፈልጋል፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ሞልተው ሌላ ግማሽ ይፈለጋል። ለዓሣ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰው መጠን እንኳ ጎጂ ነው። እንግዲህ «የአንድ ቤት ፍሳሽ ምን ያህል ይጎዳል?» የሚለው መከራከሪያ በስሌት ፊት አይቆምም። ከኮምጣጤ የተዘጋጀው ፈሳሽ «ተፈጥሯዊ» ነው መባሉም ነገሩን አያቃልለውም፤ በውስጡ የሟሟው ያው መዳብ ነውና።

የሚያሳዝነው ግን ፈሳሹን መድፋት በአመዛኙ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። በቅጠሉ ላይ የሚለበጠውን ያህል ከመዳቡ ሰሌዳ ስለሚሟሟ፣ ፈሳሹ በቀላሉ አያልቅም፤ ተጣርቶና ተከድኖ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ቅጠሉ የታጠበበት የመጀመሪያ ውኃም በትነት የጎደለውን ለመተካት ወደዚያው ይመለሳል። ማስቀመጫው የመጠጥ ጠርሙስ መሆን የለበትም፤ ሰማያዊ ቀለሙ ሕፃናትን ይስባል። የምግብ ዕቃና የወጥ ቤት ጠረጴዛም ለዚህ ሥራ አይውሉም።

ስለዚህ ይህን ሙያ የሚያስተምር ሁሉ ትምህርቱን ከፈሳሹ አያያዝ ሊጀምር ይገባል። ፈሳሹ በእርግጥ ተበላሽቶ ሲወገድ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። አረፋው በኃይል ስለሚገነፍል ዕቃው ሰፊ፣ ክፍሉም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። መዳቡ አረንጓዴ ሰማያዊ አተላ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። አተላው ተጣርቶ ከደረቀ በኋላ የኬሚካል ቆሻሻ ለሚቀበል አካል ይሰጣል፤ እስከዚያው ግን በላዩ ምንነቱ ተጽፎበት፣ በታሸገ ዕቃ ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጣል።