ያለ ቦታው የወደቀ ክስ፦ ስለ «ትሩዝ ኦር ዴር» የተሰጠ ምላሽ

ጄፍ ዋድሎ ያዘጋጀው፣ ብለምሃውስ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ለእይታ ያበቃው «ትሩዝ ኦር ዴር» ከወጣ ጀምሮ የሚባልበት ነገር አልተለወጠም። ሃያሲውም ተመልካቹም ፈርደውበታል። በፍርዱ እኔም አልከራከርም፤ ፊልሙ ደካማ ነው። የምከራከረው በክሱ ዝርዝር ላይ ነው። ለፊልሙ መውደቅ ምክንያት እየተባሉ የሚጠቀሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ደም አለመታየቱ፣ በጋኔኑ የተያዙት ሰዎች ፊታቸው በኮምፒውተር ተለጥጦ ፈገግ ማለታቸው፣ ከዚያም መጨረሻው። ሦስቱም ሕመሙ ያለበትን ቦታ ስተውታል ብዬ አምናለሁ። በተለይ መጨረሻው፣ ፊልሙ ካሉት ነገሮች ሁሉ የላቀው ሆኖ ሳለ፣ ትልቁ ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ላላዩት ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ኦሊቪያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ሉሲ ሄል) የመጨረሻ ዕረፍቷን ለድሆች ቤት በመሥራት ልታሳልፍ አስባ ሳለ፣ የልብ ጓደኛዋ ማርኪ አግባብታ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሜክሲኮ ትወስዳታለች። እዚያ የተዋወቃት ካርተር ነኝ የሚል ወጣት በአንድ ሌሊት ወደ ተተወ የሚስዮን ሕንፃ ይመራቸውና ክብ ሠርተው «ትሩዝ ኦር ዴር» ይጫወታሉ፤ ወይ እውነት ትናገራለህ፣ ወይ የታዘዝከውን ትፈጽማለህ። ጨዋታውን ግን ካላክስ የሚባል ጋኔን ይዞታል፤ አገራቸው ድረስ ተከትሏቸው ይመጣል። ተራው የደረሰው ሰው ከዋሸ ይሞታል፤ የታዘዘውን ካልፈጸመ ይሞታል፤ አልጫወትም ካለም ይሞታል።

የደሙን ነገር ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ፊልሙ «ፒጂ-13» የተባለውን የዕድሜ ደረጃ ለማግኘት ሲባል ለስልሷል፣ ለታዳጊዎች ሲባል ተገርዟል ይባላል። እንግዲህ ይህ ፊልም በተከፈተበት ቅዳሜና እሁድ ከጎኑ ይታይ የነበረው የጆን ክራሲንስኪ «ኤ ኳይት ፕሌስ» ነው። ያም «ፒጂ-13» ነው፤ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞም በትኬት ሽያጭ ይህንን በልጦታል፤ ያወደሱትም እነዚያው ሃያሲያን ናቸው። የጎር ቨርቢንስኪ «ዘ ሪንግ» (2002) እና የሳም ሬይሚ «ድራግ ሚ ቱ ሄል» (2009)፣ ሁለቱም ስለ እርግማን፣ ሁለቱም በዚሁ ደረጃ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው መነሻ የሆነው የሂዴዎ ናካታ የጃፓን ፊልም «ሪንጉ» (1998) ደም የሚባል ነገር እምብዛም አይታይበትም፤ አንዲት ሴት ከቴሌቪዥን መስታወት ስትወጣ ግን ያየ ሰው ይንቀጠቀጣል። በራሱ በ«ትሩዝ ኦር ዴር» ውስጥ እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ትዕይንት ከጓደኞቹ አንዷ ፔኔሎፔ የቮድካ ጠርሙስ ይዛ በቤት ጣሪያ ጠርዝ ላይ እየተራመደች እስክትጨርሰው እንድትጠጣ የታዘዘችበት ነው። ጓደኞቿ ፍራሽ ተሸክመው ከሥሯ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። አንዲት ጠብታ ደም የለም።

ፈገግታውም እንዲሁ ነው። በስልክ ካሜራ የሚሠራ መጫወቻ ይመስላል ይባላል፤ ይመስላልም። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ፓርከር ፊን «ስማይል» በሚለው ፊልሙ ይህንኑ የተለጠጠ ፈገግታ ከሰው ወደ ሰው ለሚተላለፍ እርግማን ምልክት አድርጎ ሲያመጣው ዓለም ፈርቷል። በዚያኛው ፈገግታው የተዋናዮቹ የራሳቸው ፊት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንድ ፊልም ፈገግታው ባያምርለት ብቻ አይወድቅም።

ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው፤ ወደዚያ የሚመራንም ተመልካቹ ራሱ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ «ለምን ሁልጊዜ እውነትን አይመርጡም?» ብሎ ይጠይቃል። ትዕዛዝ መርጦ ጣሪያ ላይ ከመውጣት ምስጢር ተናግሮ መትረፍ አይሻልም? ጥያቄው የጸሐፊዎቹን ድካም የሚያጋልጥ ተደርጎ በንቀት ይነሳል። እኔ ግን የፊልሙ ሀብት ሁሉ እዚያ ጥያቄ ውስጥ የተቀበረ ይመስለኛል።

ቤተ መጻሕፍቱን እናስታውስ። ኦሊቪያ መጻሕፍቷን ይዛ ተቀምጣለች። በዙሪያዋ ያለው ተማሪ ሁሉ ያ ፈገግታ ፊቱ ላይ ወጥቶ፣ ከየአቅጣጫው እየተጠጋ «እውነት ወይስ ትዕዛዝ?» ይላታል። መሸሻ ስታጣ እውነትን ትመርጥና፣ ማርኪ በፍቅረኛዋ በሉካስ ላይ እንደምትማግጥ በሰው ሁሉ ፊት ጮኻ ትናገራለች። ማንም አልሞተም። ማንም አልቆሰለም። ነገር ግን የብዙ ዓመት ጓደኝነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰነጠቀ። በኋላ ደግሞ የባሰው ይመጣል። የማርኪ አባት ራሱን አጥፍቷል፤ በዚያች ሌሊት ሰክሮ ኦሊቪያን ሊነካት እንደሞከረ፣ እሷም ልጁ ያለ እሱ ብትኖር እንደሚሻላት ነግራ እንደመለሰችው፣ ይህንንም ከማርኪ ደብቃ እንደኖረች ጨዋታው አስገድዶ ያስወጣታል። ከፊልሙ ሁሉ የከበደው ሸክም ይህ ነው። የትኛውም ጣሪያ፣ የትኛውም ሽጉጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

አሁን እንግዲህ እርግማኑ ይህን መንገድ ይዞ ቢሄድ የት ይደርስ ነበር? ነፍሱን ማትረፍ የሚፈልግ ሁሉ እውነትን ይመርጣል፤ በእያንዳንዱ ተራ አንድ ምስጢር ይወጣል፤ ሁሉም በሕይወት ይቆያሉ፣ እርስ በርስ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታቸዋል። በመጨረሻም ከመናገር መሞትን የሚመርጥ ሰው ይመጣል። የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለ ስለ ሐሰተኛ የመድኃኒት ማዘዣ ተጠይቆ በመዋሸቱ የሚሞተው ጓደኛቸው ታይሰን የዚህ ፍንጭ ነበር፤ ሰውየው ከሕይወቱ ይልቅ ስሙን አስቀድሟል። ፊልሙ ግን ትዕይንቱን የሚፈልገው በዓይን ለሚሰካው እስክሪብቶ ነው፤ ምርጫው ላይ አይቆይም።

ከዚያም መሃል ላይ አዲስ ሕግ ይመጣል፦ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እውነት ከተመረጠ ቀጣዩ የግድ ትዕዛዝ ይሆናል። ብዙዎች ይህንን «ሕጉን እየሄዱ ፈጠሩት» ብለው ተችተውታል። ትችቱ ልክ ቢሆንም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የእርግማን ታሪክ ሕጉን ዘግይቶ ቢገልጥ ነውር የለበትም፤ «ሪንጉ»ም የመዳኛውን መንገድ የሚገልጠው መጨረሻ ላይ ነው። የዚህኛው ሕግ ጥፋት የተሰጠው ሥራ ነው። የመጣው እውነትን ከገበታው ለማንሳት ነው። ጸሐፊዎቹ የተመልካቹን ጥያቄ ሰምተዋል፣ መልስ አድርገው ያቀረቡት ግን መዝጊያ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ከአንዱ ትዕዛዝ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው የሚሮጥ ይሆናል፤ በ«ፋይናል ዴስቲኔሽን» ከ2000 ጀምሮ ደጋግመን ያየነውን።

በ2023 በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶች የታየው የአውስትራሊያውያኑ ወንድማማቾች የዳኒና የማይክል ፊሊፑ «ቶክ ቱ ሚ» ለዚህ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። እዚያም ወጣቶች ተሰብስበው ከመናፍስት ጋር ይጫወታሉ፤ እዚያም ሕግ አለ፤ መንፈሱ ከ90 ሰከንድ በላይ በሰው ውስጥ መቆየት የለበትም። ሕጉ ከመጀመሪያው ይነገረናል፣ አይለወጥም። የሚጣሰውም ሚያ የምትባለው ልጅ በሌላ ልጅ አፍ የሞተች እናቷን የሰማች መስሏት «ትንሽ ቆዩ» ስላለች ነው። ሕጉን ያፈረሰው ናፍቆት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዓት ሁሉ የሚያመን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ካርተር (እውነተኛ ስሙ ሳም ነው) እና ሉካስ ሞተዋል፤ ጋኔኑን መልሶ ማሰር የሚችለው የፈታው ሳም ብቻ ስለነበር መዳኛው ተዘግቷል። የቀሩት ኦሊቪያና ማርኪ ናቸው። ኦሊቪያ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ለማታውቀው ሕዝብ ሁሉ «እውነት ወይስ ትዕዛዝ?» ትላለች፤ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ተጫዋች ይሆናል፣ የእነሱም ተራ ይርቃል። ተመልካቹ ይህንን ጭካኔ ነው፣ ለሁለተኛ ክፍል መንገድ መጥረጊያ ነው፣ ከልጅቷ ባሕርይ ጋር አይሄድም ብሎ አውግዞታል።

ከባሕርይዋ ጋር አለመሄዱ እኮ ነው ነገሩ። ሜክሲኮ ውስጥ በዚያ ክብ ላይ ኦሊቪያ ተጠይቃ ነበር፦ የሜክሲኮን ሕዝብ ለማዳን ጓደኞችሽንና ራስሽን ለሞት ትሰጫለሽ? እሰጣለሁ ብላለች። ከዚያው ክብ ካርተር ለምን እንዳመጣቸው ሲጠየቅ፣ እሱ እስከተረፈ ድረስ የማያውቃቸው ሰዎች ቢሞቱ ግድ እንደሌለው ተናግሯል። ፊልሙ ሲያልቅ የመጀመሪያዋ መልስ የነበራት ልጅ የሁለተኛውን መልስ በተግባር ትፈጽማለች፤ እሱ ጥቂት ሰዎችን ሲያታልል እሷ ለዓለም አሰራጨችው። በአንድ ሌሊት የተዘሩ ሁለት እውነቶች ናቸው መጨረሻ ላይ የተገናኙት። ይህንን ለቀጣይ ክፍል የተተወ ቀዳዳ ብቻ ነው ማለት መክፈቻውን አለማየት ነው።

እርግማንን ለሌላ አሸጋግሮ የመዳን ሐሳብ ዘሩም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ኤም. አር. ጄምስ በ1911 ባሳተመው «ካስቲንግ ዘ ሩንስ» እርግማኑ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣል፤ የተረገመው የሚድነው ወረቀቱን መልሶ ለባለቤቱ ማስጨበጥ ሲችል ነው። በጃፓኑ ፊልም እናት ልጇን ለማትረፍ ቴፑን ቀድታ ለሌላ ሰው ማሳየት አለባት። በዴቪድ ሮበርት ሚቸል «ኢት ፎሎውስ» (2014) የሚከተለውን ነገር ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ያ ሌላው ሲሞት ግን ተመልሶ ይመጣል። ጄምስ የበደለውን አስቀጣ፤ በኋላ የመጡት ግን ንጹሑን እንዲከፍል አደረጉ። «ትሩዝ ኦር ዴር» በዚህ መስመር ላይ አንድ እርምጃ ጨምሯል፦ ሸክሙ ለአንድ ሰው አይተላለፍም፣ ተራው እንዳይደርስ ለብዙ ሕዝብ ይከፋፈላል። ይህ የራሱ ሐሳብ ነው፤ ከማንም አልተዋሰውም።

ታዲያ ተመልካቹ ለምን ተናደደ? ንዴቱን አልንቀውም፤ ፊልሙ ራሱ ያመጣው ነው። በዚያ መክፈቻና በዚህ መጨረሻ መሃል ያለው አንድ ሰዓት ያህል ኦሊቪያ በየተራው ከመልካምነቷ ጥቂት ጥቂት ስትሸራርፍ ሊያሳየን ይገባ ነበር። ያንን ሊያሳይ የሚችለው እውነት የሚነገርበት ተራ ነበር፤ ያኔ ነበር ለራሷ ስትል ማንን እንደምትጎዳ ደጋግማ መወሰን የሚኖርባት። በአዲሱ ሕግ ግን ያ ተራ ተወሰደባት፤ የቀረላት መሮጥና ማምለጥ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ስትከፍት ተመልካቹ የሚያያት ሌላ ሴት ናት። ፊልሙ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ90 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ ይህን ያህል ሰው ሲኒማ ቤት የጠራው ማንም በልጅነቱ የተጫወተው ጨዋታና «ቢጠይቁኝስ?» የሚለው ፍርሃት ነው። ያ ሁሉ ሰው ለዚያ ጥያቄ ከፍሎ ገብቶ በጣሪያና በሽጉጥ ተሸኘ። ቅሬታው እዚያ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ከፊርማው ሥር ስሜን እጽፍ ነበር።