ስንቅ ከቤት፣ ጭነት በልክ

በመጪው የዕረፍት ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን በብስክሌት ከድሬዳዋ ተነሥተን ሐረርንና ቁልቢን ለመጎብኘት አስበናል። ጉዞው አራት ቀን ይፈጃል። ሐሳቡን ሁላችንም በደስታ ብንቀበለውም፣ «ምን እንያዝ? በምንስ እንያዘው?» በሚለው ነገር ግን እስከ መኳረፍ ደርሰናል። በዚህ መጽሔት አስተያየቴን ለመግለጽ የተነሣሁትም ጥያቄው የእኛ የጥቂቶቹ ብቻ ሳይሆን፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስቡትን ተማሪዎች ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ስንቅ የሚመጠነው በመንገዱ ነውና ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። አብዛኛው ሰፈሯ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ለልጅም ለአዋቂም ይመቻል። ነገር ግን ከከተማው ወጣ ሲሉ የደንገጎ ዳገት ይጀምራል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ምሥራቅ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል፤ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ወደ ቁልቢ ይወስዳል። የሐረማያ አካባቢ ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ እንወጣለን ማለት ነው። ጠዋት ላብ፣ ማታ ብርድ ይጠብቀናል።

ከመካከላችን አንዳንዶች ያዘጋጁት የዕቃ ዝርዝር ግን ይህን መንገድ የሚያውቅ አይመስልም። ለእያንዳንዱ ተጓዥ ሁለት ከውጭ አገር የመጡ የብስክሌት ቦርሳዎች፣ በጣሳ የታሸገ ዓሣ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌትና ለስላሳ መጠጥ እንዲኖረው ያዛል። ይህን ያነበበ አንድ ጓደኛችን፣ «ብስክሌቴን አስጠግኜአለሁ፤ ይህን ሁሉ ግን ከየት አመጣለሁ?» ብሎ ስሙን አሰረዘ። ዳገት በመውጣት ከሁላችንም የሚበልጠው እሱ ነው። እኔን ያሳዘነኝና ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው።

ዝርዝሩን ለመፈተን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጭነታችንን ይዘን እስከ መልካ ጀብዱ፣ እስከ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄድን። ይህ ስፍራ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል፤ እኛ ግን በለመድነው ስሙ እንጠራዋለን። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ቢሆንም ገና ሳንደርስ ቸኮሌቱ ቀልጦ ሹራብ አበላሸ፤ ብስኩቱ ተፈርፍሮ ዱቄት ሆነ፤ ለስላሳውም ሲከፈት ግማሹ በአረፋ ፈሰሰ። ይባስ ብሎ የአንዱ ቦርሳ ማሰሪያ ከኋላ ጎማው ሽቦዎች መካከል ገብቶ ልጁን ከነብስክሌቱ ጣለው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቱ መላጥ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ይህ በዳገቱ መልስ፣ በቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

በፓርኩ በር ስንደርስ ሠራተኞች የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ከሥራ ይወጡ ነበር። ከእነርሱም መካከል በስፌት ሥራ የሚተዳደሩት የዚያ ጓደኛችን እናት ነበሩ። ጭነታችንን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ የተሸከማችሁት ልትበሉት ነው ወይስ ሊበላችሁ?» አሉን። ቀጥለውም፣ «ሸራና ንጹሕ ማዳበሪያ አምጡልኝ፤ በቤቴ መኪና እሰፋላችኋለሁ» አሉ። ልጃቸው ስሙን ማሰረዙን የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔም አፍሬ መልስ መስጠት አቃተኝ።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። ለረጅም መንገድ የሚሆን ስንቅ አባቶቻችንና እናቶቻችን አስቀድመው አውቀውታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሕዝብ ስንቁን ከየቤቱ ቋጥሮ ነበር የተነሣው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ በሙቀት ቶሎ አይበላሹም፤ ቦታም አያጣብቡም። በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም፤ በውሃና በጥቂት ጨው ወይም በማር ከበጠበጡት ይበቃል። ጭኮም ቅቤ ስላለበት በትንሹ ያጠግባል፤ ደኅና አድርጎ በጣሳ መክደን ግን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቅቤው በድሬዳዋ ፀሐይ ቀልጦ እንደ ቸኮሌቱ ልብስ ያበላሻል። በእኔ ግምት ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ጭኮና ግማሽ ኪሎ ቆሎ ከበቂ በላይ ነው። ለምን ቢባል፣ ሐረማያም አወዳይም ሐረርም የገበያ ከተሞች ስለሆኑ ዳቦና ሙዝ በየደረስንበት እንገዛለን።

በምግቡ የቆጠብነውን ክብደት ለውሃ እናውለው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ቢሆንም ለዳገቱ እያንዳንዳችን ቢያንስ ሦስት ሊትር መያዝ ይገባናል። ላብ ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ ጥቂት ጨውና ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል። ሰው በተቅማጥ ቢያዝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት በጤና ትምህርት የታወቀ ነው።

አጫጫኑም ጥበብ አለው። ሁለቱ ቦርሳዎች በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ በእኩል ክብደት ይሰቀሉ። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ጋቢና ሹራብ ከላይ ይሁኑ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያና ብሎን መፍቻ ሳይፈለጉ በሚገኙበት ኪስ ይቀመጡ። ማንኛውም ማሰሪያ ተንጠልጥሎ አይቅር።

አንዳንዶች፣ «ዘመኑ የሠለጠነ ነው፤ በማዳበሪያ ቦርሳና በበሶ መሄድ ያሳፍራል» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን አልስማማም። በፈረንሳይ አገር የታወቀው ዙር የብስክሌት ውድድር የተጀመረው የምድር ባቡር ድሬዳዋ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. ነው። በ1905 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ኢዩጂን ክሪስቶፍ የተባለው ጋላቢ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተራራ ላይ ቢሰበርበት፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ ወርዶ፣ በአንድ መንደር አንጥረኛ ቤት በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ጠገነው። ዛሬም ስሙ የሚነሣው በዚህ እንጂ በያዘው ዕቃ ውድነት አይደለም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባላልና አሁኑኑ እንምከር። ዝርዝሩ ይቀደድና በቤት ስንቅና በቤት ስፌት ሌላ ይጻፍ። ከመካከላችን የመጨረሻው ድኃ ሊያሟላው የማይችል ዝርዝር ለጉዞ ሳይሆን ለትምክሕት የተዘጋጀ ነው። የጓደኛችን ስም እስኪመለስ ድረስ የእኔም ስም ከመዝገቡ እንዲወጣ ጠይቄአለሁ። ሸራውን ግን ገዝቼ ለእናቱ አድርሻለሁ።