የካርታው ሒሳብና የይፋት ገበሬ

በመኝታ ቤት ካርታ የሚጫወቱ ጓደኞቻችን «ቁማር ዕድል ነው» ይሉናል። እኛ ግን ፖከር ከሁሉ በፊት ማካፈል ነው እንላለን። ከአምስት ካርታዎቻችን አራቱ ባለ አንድ ምልክት ቢሆኑና አምስተኛውን ጥለን ሌላ ብንስብ፥ ካላየናቸው 47 ካርታዎች የሚሞሉልን 9 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 19 ያህል ነው። መሐል 60 ብር ተከማችቶ ባላጋራችን 20 ቢጨምር፥ 80 ብር ለማግኘት 20 እንከፍላለን፤ ስለዚህ ከአምስት ጊዜ አንዱን ማሸነፍ አለብን። 9 ከ47 ከዚያ ጥቂት ያንሳል፤ መተው ይሻላል። መሐሉ አስቀድሞ 100 ብር ቢሆን ኖሮ በገባን ነበር።

ይህን ሒሳብ እያወቀ፥ ከደብረ ሲና ቁልቁል በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለውን ገበሬ «ማዳበሪያ በብድር አልወስድም አለ፤ ፈሪ ነው» የሚል ተማሪ አናጣም። ገበሬው ግን ማሽላውን በበልግ ዝናብ ዘርቶ ዝናቡ ሲከዳው፥ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። ይህ በመደብ ላይ መደብ መጨመር አይደለምን? ሰማዩም እንደ ካርታ 52 ተብሎ አይቆጠርም።

ደግሞም እኛ 20 ብር ብንሸነፍ ምሳችን አይቀርም። የእርሱ መደብ የልጆቹ ቀለብ ነው፤ ዕዳው ሲመጣ የሚሸጠው በሬውን ነው። በሬ የሌለው ሰው በሚመጣው ዓመት ከጨዋታው ውጭ ስለሆነ፥ «በአማካይ ያተርፋል» ቢሉት ምን ይረባዋል?

የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን አማካይ ምርት ሲያስተምሩን፥ ዝናብ የቀረበትንም ዓመት በሰሌዳው ላይ ይጻፉልን። አበዳሪዎችም ዝናብ በቀረ ዓመት ዕዳውን የሚያስተላልፍ ውል ያቅርቡለት፤ ገበሬው ፈሪ መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ እናያለን።