የጥብቅና ድርጅት ማንን ይፈራል?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የፖለቲካ አይመስልም። ስለ ጥብቅና ድርጅቶች ነው፤ ያውም አሥር አሥራ አምስት ጠበቆች ይዘው፣ በአዲስ አበባ አንድ ፎቅ ተከራይተው ስለሚሠሩት መካከለኞቹ። የእነዚህን ድርጅቶች የሥራ መግለጫ አንዱን ያነበበ ሰው ሁሉንም እንዳነበበ ቢቆጥር ብዙ አይሳሳትም። የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የኩባንያ ምሥረታና ውሕደት፣ ባንክና ኢንሹራንስ፣ ግብርና ጉምሩክ፣ ማዕድንና ኢነርጂ፣ የንግድ ምልክት ምዝገባ፣ የግልግል ዳኝነት፣ የሥራ ክርክር (በአሠሪው ወገን መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል)። ከዝርዝሩ በታች፣ በውጭ አገር የሕግ ድርጅቶች መዘርዝር ውስጥ ስማቸው በየትኛው እርከን እንደ ሰፈረ በኩራት ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ አልቀልድም። በእነዚህ ዘርፎች ጥሩ ጠበቃ ማግኘት ለአገር ይጠቅማል፤ ውል በአግባቡ የሚጻፍበት ከተማ ከማይጻፍበት ይሻላል። ግን እንዲህ ያለው ዝርዝር እጄ በገባ ቁጥር የማነበው በሌላ ዓይን ነው። ድርጅቱ ማንን ማስቀየም እንደማይችል ከዚያ ላይ ይነበባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን «እገሌና ባልደረቦቹ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቢሮዎች ጥቂት አልነበሩም፤ በሕግ ፊት ግን ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጠበቃ ለየራሱ ነበር። ጠበቃው ሲታመም መዝገቡ አብሮ ይታመማል፤ ሲሰደድ ደንበኛው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሲታሰር ደግሞ የባለጉዳዩ ማስረጃ የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ወጥቶ ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ ሽርክና ተደራጅተው እንዲሠሩ ሲፈቅድ እኔ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬም ነኝ። የደገፍሁበት ምክንያት ግን ገበያ አልነበረም። ብቻውን የቆመ ጠበቃ በቀላሉ ይሰበራል። «ይህን ጉዳይ ብትተወው ይሻልሃል» የሚል የስልክ ጥሪ ሲደርሰው የሚያማክረው የትዳር ጓደኛውን ነው፤ የትዳር ጓደኛ ደግሞ በተፈጥሮዋ «ተወው» ትላለች፤ እውነትም አላት። አሥር ሆነው ሲቆሙ ግን አንዱ ቢነሣ ሌላው ይተካል፤ ኪራዩም በአንድ መዝገብ ላይ አይንጠለጠልም፤ ወጪው ለአሥር ይከፈላል። ማኅበር ማለት ለእኔ ይህ ነበር፦ ፍርሃትን የሚካፈሉበት ቤት።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ድርጅት መመሥረት የተፈቀደው ገበያው በር በከፈተበት ሰዓት ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የካፒታል ገበያ አዋጅም በዚያው ዓመት። ለውጭ ኩባንያ የመጀመሪያው የቴሌኮም ፈቃድ የተሰጠው ያኔው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጁ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ፤ በዚያው ዓመት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለጠበቃ እንጀራ ነው። በዶላር የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ ወጣቱ ጠበቃ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይነት አያስፈልግም፤ እኔም አልወቅሰውም።

ስምና ዝናውም የሚለካው በዚሁ ሚዛን ሆነ። እነ ቻምበርስ እና ሊጋል 500 እርከን የሚሰጡት እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ድርጅቱ ራሱ በዓመቱ የሠራቸውን ትልልቅ ጉዳዮች ጽፎ ይልካል፤ ሊመሰክሩለት የሚችሉ ደንበኞችንም ስም ዝርዝር ያያይዛል፤ አጥኚዎቹ ለእነዚያና ለሙያ ባልደረቦች ደውለው ወይም ጽፈው ይጠይቃሉ። ዘዴው ለተሠራለት ዓላማ ተገቢ ነው፤ ለንደን የተቀመጠ ባንክ አዲስ አበባ ውስጥ ማንን እንደሚቀጥር ይነግረዋል። ነገር ግን በዚያ የምስክሮች ዝርዝር ላይ ቤቷ የፈረሰባት የቂርቆስ እናት ስም አይገባም። ስለዚህ «ስመ ጥር» የሚለው ቃል በዋና ከተማችን ቀስ በቀስ «በባዕድ ባንክ የተመሰገነ» ማለት ሆነ።

ባለፈው ጊዜ ይዞታዋ ለልማት የተነሣባትን አንዲት የቅርብ ሰው ይዤ ሦስት ድርጅቶችን አንኳኩቼ ነበር። ሁሉም በትሕትና ተቀበሉን፤ ቡናም ጋበዙን። አንዱ «የጥቅም ግጭት አለብን» አለ። ግጭቱ ከማን ጋር እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሌላ ደንበኛቸው ከዚያው መሥሪያ ቤት የመሬት ጉዳይ እየጠበቀ መሆኑን በደፈናው ነገረኝ። ይህ በሙያው ቋንቋ የጥቅም ግጭት አይባልም። የጥቅም ግጭት የሚባለው ሁለት ደንበኞች በአንድ ጉዳይ ሲቃረኑ ነው፤ እዚህ ያለው ግን ፊርማ የሚጠብቅ ሰው ፈራሚውን አለማስቀየሙ ነው። ማንም አላስፈራራቸውም፤ ማስፈራራትም አላስፈለገም። ገቢው በኢንቨስትመንት ኮሚሽኑ፣ በብሔራዊ ባንኩ፣ በገቢዎች ሚኒስቴርና በከተማው መሬት ቢሮ ማኅተም ላይ የተመሠረተ ድርጅት፣ እነዚህን መሥሪያ ቤቶች መክሰስ እንደማይችል የሥራ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይመሰክርበታል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ አሜሪካ የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በስም በጠሯቸው የጥብቅና ድርጅቶች ላይ በተከታታይ ትእዛዝ አወጡ፤ ጠበቆቻቸው ወደ መንግሥት ሕንፃዎች እንዳይገቡ የሚገድብ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው ደንበኞቻቸውንም የሚያስደነግጥ። ፖል ዋይስ የተባለው ታላቅ ድርጅት 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነፃ አገልግሎት ለመስጠት ተስማምቶ ትእዛዙ ተነሣለት። ሌሎች ስምንት ተከተሉት፤ ቃል የገቡት በድምሩ ወደ 940 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ፐርኪንስ ኩዊ፣ ጄነር ኤንድ ብሎክ፣ ዊልመርሄል እና ሱስማን ጎድፍሪ ግን ከሰሱ፤ አራቱም በመጀመሪያ ደረጃ የፌዴራል ዳኞች ፊት ረቱ። እኔን ያስገረመኝ የተንበረከኩትና የቆሙት የሥራ ዘርፍ ነው። ከተስማሙት የሚበዙት ዋና ገቢያቸው የኩባንያ ግዢና ውሕደት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ በየደረጃው የመንግሥት ይሁንታ ይፈልጋል። ከከሰሱት አራቱ ትንሹ ሱስማን ጎድፍሪ ሲሆን ሥራው ሙግት ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጠበቆች ያሏቸው ድርጅቶች ሲጎነበሱ መካከለኛው ቆመ። ድፍረት የግል ጠባይ ነው ይሉናል፤ እኔ ግን ግማሹ የገቢ ምንጭ ጉዳይ ይመስለኛል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? በወንጀል ለተከሰሰና ለማይከፍል ሰው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ነው። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት በነፃ ሲቆም ኖረ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ክንፉን ቆረጠው፤ አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ቢሻርም የተበተነ ባለሙያ በአዋጅ አይሰበሰብም። ለተቀረው ሁሉ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ብቸኛ ጠበቆችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። ማለትም ከኃይለኛው ጋር የሚደረገው ክርክር ዛሬም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ማኅበሩ የተፈቀደው ግን ይህንኑ ትከሻ ለማብዛት ነበር።

አንድ ድርጅት ይህን ቢሸከም ይከስራል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ እናስላው። በደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር። በዚያ መለኪያ አሥራ ሁለት ጠበቆች ያሉት ድርጅት በዓመት 600 ሰዓት ይኖረዋል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢቆጠር 75 የሥራ ቀን ነው። ይህ ጊዜ ዛሬ የሚባክነው ተበጣጥሶ ነው፤ እዚህ አንድ ምክር፣ እዚያ አንድ ማመልከቻ። ተሰብስቦ ቢውል ግን የአንዲት ተነሺ የካሳ ክርክር ከአቤቱታ ሰሚው አካል እስከ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያም እስከ ሰበር ችሎት ሊያደርስ ይችላል። አንድ የሰበር ውሳኔ ደግሞ የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ የአንዷ መዝገብ የሺዎች መዝገብ ይሆናል። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ በ50 ሰዓት እዚህ አይደርስም። መካከለኛው ድርጅት ይደርሳል።

የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ ድርጅት በሥራ መግለጫው መጨረሻ፣ ከባንክና ከማዕድን በታች፣ አንድ መስመር እንዲጨምር ያድርግ፦ ባለፈው ዓመት ለመክፈል ለማይችሉ ሰዎች ስንት መዝገብ ያዝን? ከእነዚህስ ስንቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ነበር? የደንበኛ ምሥጢር አይነካም፤ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።