ድረ ገጹ ሲያስቸግር ጥፋቱ የማን ነው?

በምዝገባ ሰሞን አንድ ተማሪ በሞባይሉ ፎርም ሲሞላ አጠገቡ የቆመ ሰው፣ ሥራው ሲሰናከልበት የሚናገረውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። «እኔ ነኝ ያላወቅሁበት» ይላል። ገጹ ሦስት ጊዜ መልሶት፣ ምክንያቱንም ሳይነግረው፣ የገዛውንም ዳታ ጨርሶበት ሳለ፣ ወቃሹም ተወቃሹም ራሱ ነው። ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። ዶናልድ ኖርማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በር መክፈት ሲያቅተው እንኳ ራሱን እንደሚወቅስ፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በሩን እንደዚያ አድርጎ የሠራው ሰው መሆኑን አስረድቷል። ይኸው ሊቅ በ1993 በአፕል ኩባንያ ሳለ፣ ዛሬ በምሕጻር «ዩኤክስ» የሚባለውን ስያሜ ለሥራው መጠሪያ አደረገው፤ ሰው ከአንድ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ የሚያጋጥመውን ነገር ሁሉ የሚያጠቃልል ስያሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በዝቷል። ከመካከላችን ድረ ገጽ መንደፍ የተማሩ ወጣቶች፣ ፊግማ በሚባለው ፕሮግራም ገጹ ገና ሳይሠራ መልኩን አሳምረው ያሳያሉ፤ ላይትሃውስ በሚባለው ደግሞ ፍጥነቱን ይለካሉ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። እኔ የምነቅፈው ቅደም ተከተሉን ነው። ቀለሙ ተመርጦ፣ ፎቶግራፉ ተሰቅሎ፣ አለቃው አይቶ «እሰየው» ካለ በኋላ ነው ተጠቃሚው የሚታሰበው፤ እሱም ከታሰበ።

በበኩሌ ከመሣሪያው ሁሉ የሚቀድመው አንድ ወንበር ነው እላለሁ። ገጹን በእርሳስ ወረቀት ላይ መንደፍ፤ አይቶት የማያውቅ ሰው አስቀምጦ «ለሁለተኛው ሴሚስተር ተመዝገብ» ብሎ ሥራ መስጠት፤ የሚያስበውን ጮኽ ብሎ እንዲናገር መለመን፤ ከዚያ ዝም ማለት። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። ሠሪው «እዚያ ጋ ተጫን» ሊል ምላሱን ይበላዋል። ነገር ግን ገጹ አገር ቤት ላለው ተማሪ ሲከፈት ሠሪው አጠገቡ አይኖርም።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚበረታ አንድ ችግር አለ፤ ይሉኝታ። ሰውየውን «ወደድከው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «በጣም ጥሩ ነው፤ ደክማችሁበታል» ይላችኋል። ሰው ቤት ተጋብዞ «ቡናው ቀጥኗል» የሚል እንግዳ ማን አይቷል? ስለዚህ አፉን ከመስማት ጣቱን ማየት ይሻላል። የት ላይ ቆመ? ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ? ስልኩን ለጓደኛው ያቀበለው የትኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ነው? የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሰው ወይም መምህር ከሆኑ ደግሞ፣ «የምንፈትነው ወረቀቱን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይገባል። አለዚያ ሳይገባቸው «ገብቶኛል» ብለው ይነሣሉ።

እንዲህ ቢደረግ ምን ይገኛል? መጀመሪያ የስሙ ጉዳይ ነው። ፎርሙ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ይላል። የእኛ ሰው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም አለው እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስለዚህ «የመጨረሻ» የተባለውን አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ይሞላዋል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በሁለት መንገድ ሲመዘግቡት አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ያርፋል፤ ትራንስክሪፕቱና ፓስፖርቱ አይገጥሙም። ከዚያም ኮምፒውተሩ «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ ደብዳቤ ሲልክ የሚጠራው ልጁን ሳይሆን አባትየውን ነው። «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብሎ መጠየቅ ምን ነበረበት?

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1997 የተወለደ ልጅ ይህንኑ ቁጥር በአውሮፓ ካሌንደር ላይ ቢሞላ፣ በአንዲት ደቂቃ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጳጉሜን 6 ቀን 1995 የተወለደችው እህታችንስ? ቀኗ በአውሮፓ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ነው፤ ገጹ ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሚያውቅ አስልታ እንድትመጣ ይፈርድባታል። ማስላት የኮምፒውተሩ ሥራ ነበር! የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካሌንደር ማስላት ያውቃሉ፤ የሚያዛቸው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓቱ ነው። «ምዝገባው ዓርብ 10:00 ይዘጋል» የሚል ገጽ አስቡ። ሠሪው በአውሮፓ ሰዓት ቆጥሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማለቱ ነው፤ አንባቢው ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። በስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ኮርስ ያመለጠው ወይም ዶርም ያጣ ተማሪ ማንን ይከሳል? ወደ ቢሮ ቢሄድ «ተጽፎልህ የለም ወይ?» ነው የሚባለው፤ በርግጥም ተጽፏል። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አንድ ሳንቲም አያስወጣም ነበር።

የፊደሉ ነገር ደግሞ እኛን የቋንቋ ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። «ኃይሉ» የሚለው ስም መነሻ ፊደል በአማርኛ ድምፁ አንድ ሲሆን በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ ስድስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። ሬጅስትራር በ«ኃ» የመዘገበውን ተማሪው በ«ሀ» ቢፈልገው «የለም» ይባላል። ሞክሼዎቹን በፍለጋ ጊዜ ብቻ እንደ አንድ መቁጠር ይበቃል። መዝገቡ ላይ ግን ሰው ስሙን እንደ ጻፈው ይቆይ፤ በትግርኛ ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ናቸውና ማንም ተነሥቶ የሰው ስም እንዲያርም አልመክርም።

ማየት የተሳናቸው ጓደኞቻችንም አሉ። ገጹ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በውስጥ ኮዱ ካላስታወቀ፣ ጽሑፉን የሚያነብላቸው ፕሮግራም በሌላ ቋንቋ ሕግ ሊያነበው ይሞክራል። የምታስተካክለው አንዲት አጭር ምልክት ናት።

«ይህ ሁሉ ፈተና ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል» የሚሉ አይጠፉም። ዴንማርካዊው ያኮብ ኒልሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በጻፈው ጽሑፍ፣ አምስት ሰዎች ቢፈተኑ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ሊታይ እንደሚችል አስልቷል። ስሌቱን የሚነቅፉ አሉ፤ ራሱም ተጠቃሚዎቹ ልዩ ልዩ ወገን ከሆኑ ከየወገኑ ሰው ይጨመር ይላል። እኛ ደግሞ ልዩ ልዩ ነን፦ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከገጠር የመጣችው፣ ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየው እዚህ ግቢ የሆነ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ። ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሰው ቢቀመጥ የሚፈጀው አንድ ሁለት ከሰዓት በኋላ ነው።

«ፕሮግራሙ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ስለሆነ አይነካም» የሚል መልስም ይሰማል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ ይነካል። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚለውን አንሥቶ «የስልክ ቁጥሩ 10 አኃዝ መሆን አለበት፤ አንድ ጎድሏል» ብሎ ለመተካት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አማርኛ የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በአርትስ ፋኩልቲ ሞልቷል።

ስለዚህ ከሚመጣው ምዝገባ በፊት ዩኒየኑ የፎርሞቹን ረቂቅ በወረቀት ጠይቆ እንዲያመጣ፣ ካፍቴሪያው በር ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር እንዲያስቀምጥ አሳስባለሁ። ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሁለት፣ ከእኛም ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ይመዝግቡ። የተገኘው ጉድለት ለሬጅስትራር ይላክ፤ በዚህም መጽሔት ይውጣ፤ የተስተካከለውና ያልተስተካከለውም ተለይቶ ይጻፍ።